የታወቀ ፊት አዳራሽ አይሞላም

«ፊልሙ እንቢ ሲለው ቲያትር ፕሮዲዩሰር ሆነ።» ባህር ዳር ውስጥ ቡና በተጠጣ ቁጥር ስለ እኔ ይህ ሲባል እሰማለሁ። ሰለቸኝ። ዛሬ ልመልስ።

ከፊልም ወደ ቲያትር መሄድ መውረድ አይደለም። ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ሲመሠረት የእኛ አገር ረጅም ፊልም ገና አልታሰበም፤ የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ተዋናዩ ደበበ እሸቱም እ.ኤ.አ. በ1973 የሆሊዉድ ፊልም ላይ የታየው መድረክ ላይ ካደገ በኋላ ነው።

ፕሮዲዩሰርና አዘጋጅም አንድ አይደሉም። አዘጋጁ ተዋንያኑን ይመራል። ፕሮዲዩሰሩ ገንዘቡን፣ አዳራሹን፣ ውሉንና ቀኑን ሲያስብ ያድራል።

«ቲያትር የአዲስ አበባ ነው» የሚሉ ደግሞ እዚሁ ባህር ዳር ያለውን ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን ከውጭ ብቻ የሚያውቁ ናቸው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ «ፊትህ የታወቀ ነው። ፖስተር ላይ አውጣው፣ አዳራሹ ራሱ ይሞላል።» እኔም አምኜው ከስሬበታለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬን ያቀረብኩ ሰሞን ጣና ዳር በእግሬ መሄድ አልቻልኩም። ወጣቱ እያስቆመ ሰልፊ ይነሳል። ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ላይ ግን የገባው ሰው 50 አይሞላም። አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው አምስት ረድፍ ባዶ ወንበር። አንዱ ተዋናይ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየና «ጋሼ፣ እንጀምር?» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጀመርን። ለእኚያ እናት ሙሉውን ተጫወትን።

በማግስቱ ሰልፊ አብሮኝ የተነሳ አንድ ልጅ አገኘሁ። ለምን እንዳልመጣ ጠየቅኩት። «ሲያልቅ በዚያ ሰዓት ባጃጅ ከየት አገኛለሁ?» አለኝ።

መልሱ ይኸው ነው። ፊልሜን ልጁ አልጋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ያየዋል። ለቲያትር ግን ልብሱን ለብሶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ወጥቶ መመለስ አለበት። ፊቴ ቤቱ አያደርሰውም። ሥራውን ወደ እሁድ 8 ሰዓት አዞርኩት። ትኬቱን በር ላይ ከመጠበቅ ይልቅ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ እየዞርን በቡድን ሸጥን። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭነን ገበያውን ዞርን። ሰው መምጣት የጀመረው ያኔ ነው።

እናንተም ከፊልም ወደዚህ ሥራ የምትገቡ ከሆነ፣ ልምምድ ሳትጀምሩ የአዳራሹን ውል በጽሑፍ ያዙ። ለልምምድ ቀንም ለተዋናዩ ክፈሉ፤ የታክሲ ብር ያጣ ሰው ቃለ ተውኔት አያጠናም። ጄኔሬተር ከነነዳጁ ይዘጋጅ። መብራት ሲጠፋ በፊልም «ካት» ይባላል፤ እዚህ ግን ተመልካቹ ተነስቶ ይሄዳል። ጥር ላይ ደግሞ አዲስ ሥራ አትክፈቱ። ከተማው በሙሉ ሰርግ ቤት ነው።