ቀይ የሩዝ እርሾ፦ ምግብ ነው መድኃኒት?

ደብረ ማርቆስ ላሉት እናትዎ ውጭ ያለ ዘመድ «ለኮሌስትሮል» ብሎ የቀይ ሩዝ እርሾ እንክብል ልኮላቸው ይሆናል። ብልቃጡ ላይ «ተፈጥሯዊ» ስለሚል ብዙ ሰው እንደ ምግብ ያየዋል። እኔ ግን መድኃኒት ነው እላለሁ። ሩዙ ሞናስከስ በሚባል ሻጋታ ሲብላላ ሞናኮሊን ኬ ይፈጠራል። ይህ ደግሞ ሐኪም ከሚያዘው የኮሌስትሮል መድኃኒት ከሎቫስታቲን ጋር አንድ ነው። ጉዳቱም ያው፦ ጡንቻ ያማል፣ ጉበትም ሊጎዳ ይችላል።

እናትዎ የዚያው ዓይነት መድኃኒት የሆነውን አቶርቫስታቲን የሚወስዱ ከሆነ እባክዎ አይደርቡባቸው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፣ ጉበቱን ለታመመም አይሆንም።

መጠኑ ከብልቃጥ ብልቃጥ ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. ሞናኮሊኑ በቀን ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ወስኗል። ጡንቻ ከዛለ ወይም ሽንት ከጠቆረ እንክብሉን አቁመው፣ ብልቃጡን ይዘው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።