የሜዳ ክብደትና የፉክክር ድምቀት በፕሮፌሽናል ጎልፍ

በፕሮፌሽናል ጎልፍ የአንድን ውድድር መልክ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የሜዳው ዝግጅት ነው። ሣሩ የት ድረስ እንደሚታጨድ፣ ምቱ ከየት እንደሚጀመር፣ ጉድጓዱ በግሪኑ (በጉድጓዱ ዙሪያ ባለው አጭር ሣር) ላይ የት እንደሚቆፈርና ግሪኑ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ የሚወስነው አዘጋጁ ነው። የግሪን ፍጥነት ዛሬም የሚለካው ኤድዋርድ ስቲምፕሰን በ1935 በኦክሞንት የተካሄደውን የአሜሪካ ኦፕን ከተመለከተ በኋላ በፈለሰፈው፣ ኳስን በተወሰነ ተዳፋት አንከባልሎ በሚለቅ ቀላል መሣሪያ ነው። እነዚህ ውሳኔዎች ተደምረው ውጤቱ ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት፤ ያነሰ ምት የተሻለ ነው) በእጅጉ ዝቅ የሚልበትን ወይም ፓርን ማስጠበቅ ራሱ ድል የሚሆንበትን ሳምንት ይፈጥራሉ።

ከሳምንት ሳምንት የሚካሄዱት የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፍ ዙር) ውድድሮች በአብዛኛው ወደ መጀመሪያው ያዘነብላሉ። ስፖንሰሮችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በርዲ (በአንድ ጉድጓድ ከፓር በአንድ ምት ያነሰ ውጤት) ማየት ይወዳሉ፤ ተጫዋቾቹም ቢሆኑ በየሳምንቱ መሰቃየትን አይፈልጉም። ሂዴኪ ማትሱያማ በጥር 2025 በሃዋይ ካፓሉዋ ያሸነፈው ከፓር 35 ምት በታች ተጫውቶ ሲሆን፣ ይህም የቱሩ ክብረ ወሰን ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሳምንት ችሎታ መታየቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ስሕተት እምብዛም ስለማያስቀጣ ውድድሩ ማን ብዙ ፑት (በግሪን ላይ ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልል ምት) አስገባ ወደሚል ይጠባል።

የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ኦፕን ግን ሆን ብሎ ሌላውን መንገድ የመረጠ ውድድር ነው። ጆኒ ሚለር በ1973 ኦክሞንት ላይ በመጨረሻው ዙር 63 ምት ብቻ መትቶ ካሸነፈ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በዊንግድ ፉት የተዘጋጀው ሜዳ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ሄል ኧርዊን ዋንጫውን የወሰደው ከፓር 7 በላይ ሆኖ ነበር። ብዙዎች ነገሩን እንደ በቀል ቢቆጥሩትም፣ የማኅበሩ ባለሥልጣን ሳንዲ ታተም ዓላማቸው የዓለምን ምርጥ ተጫዋቾች ማዋረድ ሳይሆን ማንነታቸውን መለየት እንደሆነ መልሰዋል። መርሁ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሜዳው መለየት ሲያቅተው ነው።

ይህ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ በሚገኘው ሺነኮክ ሂልስ ሁለት ጊዜ ታይቷል። በ2004 የመጨረሻ ቀን የሰባተኛው ጉድጓድ ግሪን ከመድረቁ የተነሣ ኳስ አልቆምበት ብሎ፣ ሠራተኞች በጨዋታ መካከል ውኃ ለማጠጣት ተገደዱ፤ በዚያ ቀን ከፓር በታች የጨረሰ አንድም ተጫዋች አልነበረም። የ2018ቱ ይበልጥ ያስተምራል። ቅዳሜ ጠዋት ከመሪው በ11 ምት ርቀው የተነሡት ቶኒ ፊናውና ዳንኤል በርገር ግሪኖቹ ገና ለስላሳ ሳሉ 66፣ 66 መትተው ሲወጡ፣ ከሰዓት በኋላ በደረቀውና ነፋስ በበዛበት ሜዳ የተጫወተው መሪው ደስቲን ጆንሰን 77 መትቶ ተመለሰ፤ ሲመሽ ሦስቱም በእኩል ውጤት መሪነቱን ይጋሩ ነበር። ፊል ሚኬልሰን ደግሞ በ13ኛው ግሪን ላይ ቁልቁል እየተንከባለለ የሚርቅበትን ኳስ ሮጦ ደርሶ ኳሱ ገና እየተንቀሳቀሰ ሳለ በመምታቱ ሁለት ምት ተቀጣ። በደንብ የተመታ ኳስ ከመጥፎው ኳስ ጋር እኩል የሚቀጣበት ሜዳ ከባድ ሳይሆን ዕድል ብቻ የሚገዛው ሜዳ ነው፤ አዘጋጆቹም በኋላ ይህንኑ አምነዋል።

ማክበድና ማዝናናት ሁልጊዜ ይጣላሉ ማለት ግን አይደለም። የማስተርስ ውድድር የሚካሄድበት የኦገስታ ናሽናል ሜዳ 13ኛና 15ኛ ጉድጓዶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፦ ሁለቱም ፓር 5 (አምስት ምት የተመደበላቸው) ናቸው፤ በሁለት ምት ግሪን ላይ ለመድረስ የሚደፍር ተጫዋች ኢግል (ከፓር በሁለት ምት ያነሰ ውጤት) ሊያገኝ ይችላል፣ ጥቂት ካጎደለ ግን ኳሱ ውኃ ውስጥ ይገባል። በፍሎሪዳው ቲፒሲ ሶግራስ በውኃ የተከበበው የ17ኛው ጉድጓድ ግሪን ከመነሻው 125 ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል፤ ርዝመት ሳይኖረውም መሪዎችን ያስጨንቃል። የሚያከብደው ምርጫው ነው፤ ተመልካችን የሚይዘውም እርሱ ራሱ ነው። ምርጫ ካልተደፈረ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ዛክ ጆንሰን በ2007ቱ ማስተርስ በየትኛውም ፓር 5 ላይ በሁለት ምት ግሪን ለመድረስ ሳይሞክር፣ ከፓር 1 በላይ በሆነ ውጤት አሸንፏል፤ ብልህ አጨዋወት ቢሆንም፣ በወትሮው ዛፎቹ መካከል የሚያስተጋባው የሕዝብ ጩኸት በዚያ ሳምንት ቀዝቅዞ ነበር።

የአየር ሁኔታ ደግሞ ከአዘጋጁ በላይ ነው። በ2011ዱ የአሜሪካ ኦፕን ዝናብ ያለሰለሰው የኮንግረሽናል ሜዳ ለሮሪ ማክኢልሮይ ከፓር 16 በታች ሰጥቶታል፤ በዚህ ሳቢያ አዘጋጆች ጉድጓዶቹን በየቀኑ ከትንበያው አንጻር ይመርጣሉ፣ አስፈላጊም ሲሆን መነሻውን ወደፊት ያመጣሉ።

ክብደትና ማዝናናት በአንድ ሜዳ አብረው መኖር እንደሚችሉ የ2025ቱ የኦክሞንት ኦፕን ያሳያል። በጥቅጥቅ ሣሩና በፈጣን ግሪኖቹ ውስጥ ከፓር በታች የጨረሰው ጄ.ጄ. ስፓን ብቻ ነበር፣ እርሱም በአንድ ምት። ወደ ድል የወሰደው ግን በአጭሩ 17ኛ ጉድጓድ ላይ ያደረገው ድፍረት ነው፤ በመጀመሪያ ምቱ ግሪን ላይ ደርሶ በርዲ አገኘ፣ ከዚያም በ18ኛው ከ19 ሜትር በላይ የሚርቅ ፑት አስገብቶ ውድድሩን ዘጋ።