ጥሬ ገንዘብን ድንበር ላይ ማሳወቅ ክልከላ አይደለም

ብዙ ተጓዥ ከ10,000 በላይ ዶላር ወይም ዩሮ ከያዘ የሚወረስበት ወይም ቀረጥ የሚቆረጥበት ይመስለዋል። አይደለም። ቅጹን ሞልቶ ምንጩን በትክክል ያሳወቀ ሰው፣ ገንዘቡ ስለበዛ ብቻ አይወሰድበትም። ጣጣ የሚያመጣው ዝም ብሎ ማለፉ ነው።

ወሰኑ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ድፍን 10,000 ዩሮም ይመዘገባል፤ በአሜሪካ ግን ከ10,000 ዶላር ያለፈው ነው። አሜሪካ ደግሞ አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብን ገንዘብ ትደምራለች፤ ባልና ሚስት 6,000፣ 6,000 ተካፍለው ቢይዙ አያድናቸውም። እንዲያውም ከማሳወቅ ለማምለጥ ሆን ብሎ መከፋፈሉ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የመንገደኛ ቼክም ይቆጠራል። ኅብረቱ ከጁን 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቢያንስ 90 በመቶ ወርቅ ያለበትን ሳንቲም ጨምሯል፤ የአንገት ሐብል ግን እዚህ ውስጥ አይገባም።