ሾልኮ የሚወጣ ገቢ ምንድን ነው? ትናንሽ ንግዶች በትንሽ ደሴት ኢኮኖሚ

ሾልኮ የሚወጣ ገቢ የሚባለው ወደ አንዲት ደሴት ከገባው ገንዘብ ውስጥ በነዋሪዎቿ እጅ ሳይዘዋወር ተመልሶ ባሕር ማዶ የሚሄደው ነው። ገንዘቡ ቱሪስት ያወጣው፣ ዓሣ ተሽጦ የተገኘ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ የላከው ሊሆን ይችላል። የሚወጣው ግን በተለመዱት መንገዶች ነው፦ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ክፍያ፣ ለባለሀብት የሚላክ ትርፍ፣ ክፍል ለሚያስይዝ ድረ ገጽ የሚከፈል ኮሚሽን። በትልቅ አገር አንዱ ክልል ያጣውን ሌላው ያገኘዋል። 11 ሺህ ገደማ ሕዝብ ባላት ቱቫሉ ወይም 70 ሺህ ገደማ በሚኖርባት ዶሚኒካ ግን ዱቄቱም ነዳጁም ሲሚንቶውም በመርከብ ስለሚመጣ፣ ብዙው ገንዘብ ሁለተኛ ሰው እጅ ሳይገባ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ትንሽ ንግድ ጥቅም ሲመዘን ስንት ሰው ቀጠረ ከማለት በፊት ስንቱን ገንዘብ አስቀረ ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ልዩነቱ በስሌት ሲታይ ያስደነግጣል። ከሚገባው 100 ዶላር ውስጥ 60ው እዚያው ደሴቱ ላይ ወጪ ይሆናል እንበል። ያ 60 ለሌላ ነዋሪ ገቢ ነው፤ እሱ ደግሞ 36ቱን እዚያው ያወጣል፤ ቀጣዩ 21.60 እያለ ይቀጥላል። ሁሉም ዙር ሲደመር 250 ዶላር ይሆናል። በየዙሩ ከ100 ውስጥ የሚቀረው 20 ብቻ ከሆነ ግን ድምሩ 125 ላይ ይቆማል። አንድም ተጨማሪ ቱሪስት ሳይመጣ የነዋሪው ገቢ እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ትንሽ መሆን ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። የታሸገ ምግብ የሚሸጥ ሱቅ ከሰበሰበው 100 ውስጥ 75ቱን ለሸቀጡ መግዣ ወደ ውጭ ከላከ፣ ለደሴቱ የሚተርፈው 25 ነው፤ ከዚያም ላይ መብራት ይከፈላል። የጀልባ ሞተር የሚጠግን መካኒክ ወይም ፍሪጅ የሚያድስ ሙያተኛ ከተከፈለው ውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደው በአብዛኛው የመለዋወጫው ዋጋ ነው። ያዳነው ሞተር ደግሞ አዲስ ሞተር ከማስመጣት ያድናል። የጥገና ሥራ ብዙ ጊዜ በልማት ዕቅዶች ውስጥ የሚገባውን ቦታ አያገኝም፤ እኛ ግን ከማስታወሻ ዕቃ መሸጫዎች በፊት ድጋፍ ሊደረግለት ይገባል እንላለን።

የማልዲቭስን ጉዳይ እንይ። ቱሪዝም እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጀመር ለብዙ ዓመታት የሚሠራው አንድ ደሴት ለአንድ ሪዞርት በሚል አሠራር ነበር፤ እንግዳው ሕዝብ ወደሚኖርበት ደሴት የሚያስኬደው ምክንያት አልነበረውም። ከ2009 ወዲህ ነዋሪዎች በራሳቸው ደሴት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ እንዲከፍቱ በር ተከፈተ። ባለ ስድስት ክፍል ማረፊያ ልብስ አጣቢ፣ ጀልባ ነጂና ቱና የሚያቀርብ ዓሣ አጥማጅ ይፈልጋል። አትክልቱ ግን አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ አሁንም በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ግሬናዳ ውስጥ ደግሞ በ1999 የተቋቋመው የግሬናዳ ቸኮሌት ኩባንያ የካካዎ ፍሬውን በጥሬው ከመላክ ይልቅ እዚያው ቸኮሌት አድርጎ መሸጥ ጀመረ።

ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሆቴልና ገበሬ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሆቴሉ ማክሰኞና ዓርብ 40 ኪሎ ቲማቲም፣ መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ይፈልጋል። ገበሬዎቹ ሁሉም ዝናብ ጠብቀው በአንድ ሳምንት ስለሚተክሉ አንዴ 300 ኪሎ ይደርሳል፣ ከወር በኋላ ምንም የለም። ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን የቀረ የሆቴል ግዢ ኃላፊ ወደ አስመጪው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ልቡን መመለስ ከባድ ነው። መፍትሔው አተካከሉን በሳምንት በሳምንት መከፋፈልና ምርቱን የሚሰበስብ አንድ ማኅበር ማቋቋም ነው።

ማኅበሩም ቢሆን በገንዘብ እጥረት ይወድቃል። ሆቴሎች ከ60 ቀን በኋላ ሲከፍሉ ገበሬው ግን ለዘርና ለቤቱ ገንዘቡን ዛሬ ይፈልጋል። ማኅበሩ በሳምንት የ1,000 ዶላር ምርት እየተረከበ ለገበሬው በዕለቱ የሚከፍል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከሆቴሉ እስኪገባ 9 ሳምንት ያህል አለ፤ ስለዚህ 9,000 ዶላር ተዘዋዋሪ ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ ለብልሽት የሚሆነው ሳይጨመር። 3,000 ይዞ የጀመረ በአራተኛው ሳምንት ለገበሬው የሚከፍለው ያጣል፤ ሰዉም ምርቱን መንገድ ዳር መሸጥ ይጀምራል። የክፍያውን ጊዜ ወደ 30 ቀን ማሳጠር ከተቻለ የሚያስፈልገው ወደ 5,000 ይወርዳል። ከሆቴሉ ጋር ስለ ዋጋ ከመከራከር በፊት ስለ ቀኑ መደራደር የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ሌላው አደጋ አውሎ ነፋስ ነው። በመስከረም 2004 (እ.ኤ.አ.) ኢቫን ግሬናዳን ሲመታ የገውዝ ዛፎቿን አብዛኛውን ነቀለ፤ አዲስ ዛፍ ደግሞ ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈልጋል። በ2017 ማሪያ በዶሚኒካ ያደረሰችው ጉዳትና ኪሳራ የአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 226 በመቶ ሆኖ ተገምቷል። የባለሱቁ ቤት፣ ዕቃውና ደንበኞቹ በአንድ ሌሊት ስለሚመቱ ባንክ ብድር ለመስጠት ያመነታል። በ2007 የተቋቋመው የካሪቢያን የአደጋ መድን ተቋም በ14 ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ የሚከፍለው ግን በዋናነት ለመንግሥታት ነው። ባለሱቁ ማድረግ የሚችለው የዕቃ ዝርዝሩንና የሽያጭ መዝገቡን ቅጂ ከደሴቱ ውጭ፣ ለምሳሌ በኢሜይል፣ ማስቀመጥ ነው። ማስረጃ ያልያዘ ሰው ከመድንም ከእርዳታም ካሳ ለማግኘት ይቸገራል።

የራስን ንግድ ለመመዘን የአንድ ወር ደረሰኞችን በሦስት ዓምድ መክፈል ይበቃል፦ ለነዋሪ የተከፈለ፣ ከደሴቱ ነጋዴ የተገዛ ግን ከውጭ የመጣ ዕቃ፣ በቀጥታ ወደ ውጭ የተላከ። ከሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ቀረ ተብሎ የሚቆጠረው የነጋዴው ትርፍ ብቻ ነው፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው፣ ሙሉውን የሚቆጥር ብዙ ነውና። የመብራት ሒሳብም በናፍጣ ከሚሠራ ጄኔሬተር የሚመጣ ከሆነ ክፍያው ለአገር ውስጥ ድርጅት ቢሆንም አብዛኛው ለነዳጅ መግዣ ስለሚወጣ ወደ ሦስተኛው ዓምድ ይዛወራል። የፀሐይ ፓነልም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ግን አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ናፍጣው በየወሩ።