ሙሴ ኢልግና የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር

አልፍሬድ ኢልግ (1854–1916) የስዊስ መሐንዲስ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪና የምድር ባቡራችን ጠንሳሽ ነበሩ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በዘመኑ አጠራር ሙሴ (በፈረንሳይኛ «አቶ» እንደማለት) ኢልግ ይባላሉ። መሃል አዲስ አበባ፣ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ያለው የለገሃር ጣቢያ ሲነሳ፣ ቀድሞ መነሳት ያለበት የእሳቸው ስም ነው።

በ1879 ሸዋ ገቡ። ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠሩ አዝዘው ሙያቸውን ፈተኑት ይባላል። አማርኛ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር። ለቤተ መንግሥቱም ውሃ በቧንቧ አስገብተዋል።

ትልቁ ሥራቸው ግን ባቡሩ ነው። ያኔ ቡናውም ቆዳውም ወደ ባሕር የሚወርደው በግመልና በበቅሎ ነበር፤ መንገዱ ሳምንታት ይፈጃል። ኢልግ በ1893 የማስጠናት ፈቃድ አገኙ። በማግስቱ ዓመት፣ ማርች 9 ቀን 1894፣ የ99 ዓመት ውል ተሰጣቸው። ውሉ ሀዲዱን በሦስት ይከፍለዋል፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ዛሬም አልተዘረጋም። በ1896 ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሼፍነ ጋር ኩባንያውን ፓሪስ ላይ አቋቋሙ፤ በ1897 ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ደጋ ላይ ናት፤ ሀዲዱን እዚያ ማውጣት ከባድ ነበር። ስለዚህ ቆላ ቆላውን ይዞ በ1902 መጨረሻ አንድ ሜዳ ላይ ደረሰ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው እዚያ ነው።

ገንዘቡ ግን አለቀ። የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ ሲገቡ ፓሪስ ደነገጠች። በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊደጉም ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ፤ በምላሹም ቁጥጥሩን ያዘ። ምኒልክ ሳይማከሩ ስለተፈረመ ክፉኛ ተቆጡ። ኢልግ ለፈረንሳይ አደሩ የሚሉ አሉ። ይህ ሚዛን የሳተ ፍርድ ነው። ያን ያህል ገንዘብ ከአውሮፓ በቀር ከየትም አይገኝም ነበር።

ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። ኢልግ በ1906 አገራቸው ገቡ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በ1908 የፍራንኮ–ኢትዮጵያ ኩባንያ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ ኢልግ ካረፉ በኋላ ነው።

የለገሃር ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። ቡና የጫነ ፉርጎ ለአሥርት ዓመታት ከዚህ ወደ ጅቡቲ ወርዷል፤ ጨውና ጨርቅ የጫነው ወጥቷል። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ለቡ ነው። ጭነቱ ግን ዛሬም በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ይወርዳል።