«ሬዲዮው ነው የተበላሸው» እና ሌሎች የተሳሳቱ ግምቶች

ሞተሩ ይነሳል፣ ሄድሴቱ (የአብራሪው የጆሮ ማዳመጫ) ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይጀምራል። ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) ስትገፉት ፉጨቱም አብሮ ይቀጥናል። በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ስለ እሱ የሚነገረው የተሳሳተ ወሬም እንዲሁ።

«ሬዲዮው ተበላሽቷል፣ ይቀየር»

ቆይ፣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሬዲዮውን ድምፅ እስከ ዜሮ ቀንሱት። ፉጨቱ ምንም ካልተነካ፣ የገባው ከድምፅ መቀነሻው በኋላ ነው፤ የሄድሴቱን መስመርና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ተመልከቱ። አብሮ ከቀነሰ ደግሞ ስኬልቹን (ምልክት በማይኖርበት ጊዜ ሬዲዮውን ዝም የሚያሰኘውን) ክፈቱና የአንቴናውን ገመድ ንቀሉ። ጫጫታው ጠፋ? በአየር በኩል ነው የመጣው። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ግን መናገሪያውን እንዳትጫኑ፤ ያለ አንቴና ማስተላለፍ ሬዲዮውን ሊጎዳው ይችላል።

«ጫጫታ ሁሉ የአልተርኔተር ነው»

አልተርኔተር በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ነው፤ ፉጨቱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ይወጣል ይወርዳል። የማግኔቶው (ለሞተሩ ሻማዎች ብልጭታ የሚሰጠው መሣሪያ) ድምፅ ጠቅ ጠቅ ነው፤ እሱም ከሞተሩ ጋር ይፈጥናል። ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት በየብልጭታው ይሰማል። የስልክ ቻርጀርና አንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ግን ሞተሩ ቢቆምም ሹሹ ማለታቸውን አይተዉም። መሬት ላይ ቆማችሁ አንድ በአንድ አጥፉ። ማብሪያና ማጥፊያ ነጻ መመርመሪያ ነው።

«ፊልተር ከገጠምን በቃ»

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አልተርኔተሩ የሚያመነጨውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ የሚቀይሩት አብዛኛውን ጊዜ 6 ዳዮዶች ናቸው። አንዱ ሲሞት አልተርኔተሩ መሙላቱን አያቆምም። የቮልት መለኪያውም ደህና ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን ኤሌክትሪኩ ይንቀጠቀጣል፣ ሄድሴቱ ያፏጫል፣ የቀሩት ዳዮዶች ጭነቱን ይሸከማሉ። ፊልተሩ ፉጨቱን ያፍነዋል፤ ብልሽቱ ግን እንዳለ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ከፕሮፔለሩ ርቃችሁ፣ መልቲሜትሩን በተለዋዋጭ ቮልት አድርጋችሁ የአልተርኔተሩን መውጫ ለኩ። ንባቡ ጤነኛ ሳለ ከነበረው በግልጽ ከበለጠ፣ ዳዮዶቹን ጠርጥሩ። ያረጀ ባትሪም ይህን መንቀጥቀጥ ማለስለስ ያቅተዋል።

«ግራውንድ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ለድምፅ ሽቦ አይደለም። የሽቦው የብረት መሸፈኛ በሁለቱም ጫፍ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ከተገናኘ (ግራውንድ ከሆነ)፣ የሌላ ዕቃ ኤሌክትሪክ በእሱ በኩል ይዞርና ጫጫታ ይሆናል። ብዙ ጊዜ በአንድ ጫፍ ብቻ ማሰሩ ይበቃል። የሄድሴት መሰኪያውንም ከብረት ፓነሉ የሚለየው ቀጭን ዋሸር ነው። አንድ ሰው ሲጠግን ሳይመልሰው ከቀረ፣ ጉዳዩ ያው ነው። የማግኔቶ ሽቦ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ የአምራቹን መመሪያ ተከተሉ።

«ጫጫታ ነው፣ ይለመዳል»

ጠቅ ጠቁ በድንገት ከጀመረ የማግኔቶውን ማጥፊያ ሽቦ አስመርምሩ። መሸፈኛው ብቻ ተበጥሶ ከሆነ ጫጫታው ነው የሚቀርላችሁ። ውስጡ ያለው ሽቦ ከተበጠሰ ግን ቁልፉ ቢጠፋም ማግኔቶው አይጠፋም። ያኔ ፕሮፔለሩን በእጁ የሚያዞር ሰው ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል።