ቪኤችኤፍ ወይስ ዩኤችኤፍ? ለጫካ የሚሆነው ዎኪቶኪ

የዎኪቶኪው ካርቶን ላይ «እስከ 10 ኪሎ ሜትር» ይላል። ውሸት ላይሆን ይችላል፤ አንዱ እዚህ ሸንተረር፣ ሌላው እዚያ ማዶ ቆሞ፣ መሃል ላይ ምንም ሳይኖር ነው። ወፍ ዋሻ ጫካ ገብተው፣ ጥዱና ዝግባው በተጠጋጋበት ቁልቁለት፣ ያን ቁጥር ይርሱት።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋቱን፣ ማለትም የሬዲዮውን የማሰራጨት ጉልበት ነው። ከ5 ወደ 8 ዋት ቢወጡ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዋናው ባንዱ፣ ማለትም ሬዲዮው የሚሠራበት የሞገድ ክልል ነው፤ ቪኤችኤፍና ዩኤችኤፍ የሁለት ባንዶች ስም ናቸው። ቪኤችኤፍ የእጅ ሬዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ገደማ ነው። ዩኤችኤፉ ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ነው፤ ሞገዱ 70 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። አጭሩን ሞገድ ቅጠልና ቅርንጫፍ፣ በተለይ ክረምት ሲያርሰው፣ ቶሎ ይውጠዋል። ስለዚህ ለጫካ ቪኤችኤፍ። ደብረ ብርሃን ሕንፃ ውስጥ ለሚሠራ ግን ዩኤችኤፍ ይሻላል።

አንቴናዋን አይናቁ። አውራ ጣት የምታክለዋን በረጅም ቢቀይሩ ከዋት ጭማሪ ይበልጥ ይጠቅማል። ሲያወሩም ከቀበቶዎ አውጥተው ፊትዎ አጠገብ ቀጥ አድርገው ይያዙት። ገደል ከጋረደዎት ግን ባንድ አይመርጥም፤ ሽቅብ መውጣት ነው። ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት ስለ ፈቃዱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ።